ሳይጠየቅ የተሞላ መልስ

በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ጥያቄው ለጊዜው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ይኸውም፣ ስለ አንድ ሠራተኛ የሥራ ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ማንን መጠየቅ ይገባዋል? የሚል ነው። «ራሱን ሠራተኛውን ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ብጠየቅ ኖሮ ሳላመነታ ይህንኑ እመልስ ነበር። ዳሩ ግን አፍ የሚናገረውና እጅ የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ይህንን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለሆነ፣ አስቀድሜ ጥፋቴን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ሐሳብ እንሄዳለን።

ባለፈው ዓመት አራት ተማሪዎች ሆነን ለትምህርታችን ማሟያ የሚሆን ጥናት እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ርእሳችን በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ የሠራተኞች የሥራ ሁኔታ ምን እንደሚመስል መመርመር ነበር። 24 ጥያቄዎች ያሉበት ቅጽ አዘጋጀን፤ ከመዝገብም የ60 ሠራተኞችን ስም በዕጣ አወጣን። ዕጣ ከወጣላቸው መካከል አንዲት መስማት የተሳናት ስፌተኛ ነበረች። ወደ ስፌት መኪናዋ ስንጠጋ የክፍሉ ኃላፊ መጣና፣ «ልጆች፣ እርሷ አትሰማም፤ በከንቱ አትድከሙ። ስድስት ዓመት አብሬአት ሠርቻለሁ፤ ቅጹን እኔ እሞላላችኋለሁ» አለን። ሰውየው ደግ ሰው ነበር፤ ስለ እርሷም ሲናገር በፍቅር ነበር። ቅጹን ተቀብሎ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ መለሰልን። «በሥራ ላይ የሚያጋጥምዎት ችግር ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ «ምንም ችግር የለባትም፤ ደስተኛ ናት» የሚል ነበር። እኛም አመስግነን ቅጹን ከሌሎቹ ጋር ደረብነው። 60 ብለን የጀመርነው 60 ሆኖ ስለ ተፈጸመ፣ አንድም ሳይጎድልብን ጨረስን ብለን ተደሰትን።

በመጨረሻው ቀን ሠራተኛው ሲለቀቅ በበሩ አጠገብ ቆሜ ጓደኞቼን እጠብቅ ነበር። ያች ስፌተኛ መጥታ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ሰጠችኝ። እንዲህ የሚል ተጽፎበታል፦ «ሁሉንም ስትጠይቁ አይቻለሁ። እኔን ለምን አልጠየቃችሁኝም?» የእጅ ጽሑፏ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ያማረ ነበር። አፈርሁ። ከዚያም ከአጥሩ ጥግ ቆመን ብዕርና ወረቀት እየተቀባበልን ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨዋወትን።

የጻፈችልኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። የፈረቃ ለውጥና የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚነገረው በድምፅ ማጉያ ነው። እርሷ ነገሩን የምታውቀው ሌሎቹ ሲነሡ አይታ ነው። ሁለት ጊዜ ፈረቃዋ ተለውጦ ሳለ ሳታውቅ ቀርታ ከደመወዟ ተቆርጦባታል። የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው ደወል ነው። አንድ ቀን ለልምምድ ሲደወል ሁሉም ወጥቶ፣ እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ቆይታ፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተመልሳ ትከሻዋን ስትነካት ነው የተነሣችው። «ደስተኛ ናት» ስለ ተባለው ነገር ብጠይቃት፣ ሰዎች ሲናገሩኝ ስላልገባኝ ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግ ካልሁ ቶሎ ይተዉኛል ስትል ጻፈችልኝ። የምትፈልገውም ብዙ አልነበረም። ማስታወቂያው በወረቀት ተጽፎ እንዲለጠፍና ደወሉ ሲደወል አብሮ የሚበራ አምፑል ከፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ እንዲደረግ ብቻ ነው።

እንግዲህ የክፍሉን ኃላፊ ለመውቀስ አልተነሣሁም። ሰውየው አልዋሸም። ከቆመበት ቦታ የሚታየውን ጽፏል፤ ከዚያ ቦታ ሆኖ ለሚመለከት ፈገግታዋ ይታያል፣ የደመወዟ መቆረጥ ግን አይታይም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስለ እርሷ የተጻፈውን እርሷ የጻፈችው አስመስለን ቆጠርነው። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላላስተኛኝ፣ ጥፋታችን ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ማንበብና መጠየቅ ጀመርሁ። የእውቀት ስሕተት ነው ወይስ በሰው ላይ የተሠራ በደል? ብዬ ሳሰላስል፣ ሁለቱንም ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ የእውቀቱን ነገር እንመልከት። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ስለ አንድ የሥራ ቦታ ልማድና አሠራር ለማጥናት የሚፈልግ ሰው ከሥሩ መነሣት አለበት። የሥራ ቦታ እንቅፋት ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው፤ ላልተደናቀፈበት ሰው አይታይም። እግሩ ጤነኛ የሆነ ሰው በቀን አራት ጊዜ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ደረጃ መኖሩን ልብ አይልም። ጆሮው የሚሰማ ሰው ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ መነገሩን እንደ አንድ የድርጅቱ ደንብ አይቆጥረውም፤ እንደሚተነፍሰው አየር ነው የሚያየው። በቅጻችን ላይ «ማስታወቂያ የሚደርስዎት በምን መንገድ ነው?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ለምን ቢባል፣ ቅጹን ያዘጋጀነው አራታችንም የምንሰማ ስለሆንን ነው። ስለዚህ ያች እኅታችን የምትመሰክረው ስለ ጆሮዋ ብቻ አልነበረም፤ ከእኛ የተሰወረውን የድርጅቱን አሠራር ነበር የምትመሰክረው። በኋላ የሌሎቹን ቅጾች እንደገና ስናገላብጥ በእንፋሎት መተኮሻዎቹ አጠገብ የሚሠሩ ሦስት ሰዎች «ማስታወቂያ አይሰማንም» ብለው በትርፍ ቦታ ላይ ጽፈው አገኘን። ቀድሞ አንብበነው ነበር፤ ግን ትርጉሙ አልገባንም ነበር። የገባን እርሷ ከነገረችን በኋላ ነው።

ለዚህ ሐሳብ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። ከጓደኞቼ ጋርም ብዙ ተከራክረንበታል። የሚያነሡትን አንድ በአንድ እንመርምረው።

አንደኛው ተቃውሞ፣ «አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቢጠየቁም ባይጠየቁም ውጤቱን አይለውጡትም» የሚል ነው። ለመሆኑ ጥቂት መሆናቸውን በምን አወቅን? በሀገራችን በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ 1 ገደማ አድርጎ መዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 በአንድነት ባወጡት ዘገባ ደግሞ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ አካል ጉዳተኛ ነው ተብሎ ተገምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ግምቱን ከመቶ 16፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ሰው ያህል አድርሶታል። 1 እና 16 ይህን ያህል የሚራራቁት የእኛ ሀገር ሰው ከሌላው ዓለም ይልቅ ጤነኛ ሆኖ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱና ዋናው የአጠያየቁ ጉዳይ ነው። አንድ ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ቢል፣ የቤቱ አባወራ በሀፍረትም ይሁን ባለማወቅ «የለም» ይላል። በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው ጉባኤ ለዚህ መላ አዘጋጅቷል። «አካል ጉዳተኛ ነህ?» ብሎ በመጠየቅ ፋንታ ስድስት ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ በማየት፣ በመስማት፣ በመራመድ ወይም ደረጃ በመውጣት፣ በማስታወስ ወይም ሐሳብን በመሰብሰብ፣ በመታጠብና በመልበስ፣ እንዲሁም ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ችግር አለብህ ወይ? ይላል። መልሱም «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ሳይሆን፣ ከምንም ችግር የለም አንሥቶ ጨርሶ አልችልም እስከሚለው ድረስ አራት ደረጃ አለው። በዚህ መንገድ ሲጠየቅ ከዚህ በፊት ያልታየው ሰው መታየት ይጀምራል።

ደግሞስ በእርግጥ ጥቂት ቢሆኑ ምን ይሆናል? በእኛ ጥናት ከ60 ሠራተኞች 52ቱ ስለ ደኅንነት አጠባበቅ «ጥሩ ነው» ብለው ነበርና፣ በዘገባችን ላይ የድርጅቱ የደኅንነት አጠባበቅ በአጠቃላይ ጥሩ እንደሆነ ጽፈናል። ነገር ግን እሳት ቢነሣ የሚቃጠለው አጠቃላዩ ቁጥር አይደለም፤ ደወሉ ያልተሰማት አንዲት ሴት ናት። ስለ አደጋ መውጫ የሚያጠና ሰው መውጣት የማይችለውን ካልጠየቀ፣ ጥናቱ የጎደለው ከ60 አንድ እጅ ሳይሆን ዋናው ፍሬ ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አለቃው ሁሉንም ያውቃል፤ እርሱን መጠየቅ ይበቃል» የሚል ነው። አለቃው የሚያውቀው ነገር መኖሩን አልክድም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራውን የጀመረ፣ የሥራ ቦታን ለአካል ጉዳተኞች ስለ ማመቻቸት አሠሪዎችን የሚያማክር አንድ ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት ለብዙ ዓመታት አሠሪዎችን እየጠየቀ ባደረገው ጥናት፣ ለሠራተኞቻቸው ካደረጓቸው ማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ አንድም ገንዘብ እንዳላስወጣቸው መስክረዋል። ይህ በጣም ጠቃሚ እውቀት ነው፤ ወጪን የሚያውቀው ከፋዩ ነውና። ሆኖም አሠሪው ሊመሰክር የሚችለው ተጠይቆ ስላደረገው ነገር ብቻ ነው። ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ፈርቶ ያልጠየቀውን ሠራተኛ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ደብቆ ሌሊት ፈረቃ የሚገባውን፣ አንዱ ጆሮው እየደከመ መሄዱን ለማንም ያልተናገረውን፣ አሠሪው ከየት ያውቀዋል? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ አለቃው ብቻ የተጠየቀበት ጥናት አለቃውን አንደኛ አድርጎ መጨረሱ የማይቀር ነው።

ሌሎች ስለ እኛ የሚሰጡት ፍርድ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አንድ ታሪክ ልጥቀስ። ኤድ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ በሽታ ተይዞ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ይተነፍስ የነበረውም በመሣሪያ እየታገዘ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ፈልጎ ከካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት እርዳታ ሲጠይቅ፣ ጉዳቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ወደፊት ሥራ ሊይዝ አይችልም ተብሎ ተፈረደበት። እርሱ ግን ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ገብቶ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ «ሥራ አይችልም» ያለው የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። ያን ጊዜ በፋይሉ ላይ «አይችልም» ብሎ የጻፈው ሰው ክፉ ነበር ማለት አልችልም። የለካው የሰውየውን ጡንቻ ነበር፤ ምን ለመሥራት እንዳሰበና በምን መንገድ ሊሠራው እንደሚችል ግን ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው። «አካል ጉዳተኞቹ ጉዳዩ የራሳቸው ስለሆነ ለራሳቸው ያደላሉ፤ ተመራማሪ ግን ገለልተኛ መሆን አለበት» ይላል። ይህንን ተቃውሞ ስሰማ የአያቶቻችን ችሎት ትዝ ይለኛል። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ዳኛ ከሳሽንም ተከሳሽንም «በል ተናገር» ሳይል አይፈርድም ነበር። ሁለቱም ለራሳቸው እንደሚያደሉ ጠፍቶት አይደለም። ባለ ጉዳዩ ስለሚያደላ አልሰማውም የሚል ዳኛ ቢኖር፣ ሕዝቡ ገለልተኛ አይለውም ነበር፤ የሌላው ወገን ነው ይለው ነበር እንጂ። አሠሪውም በጉዳዩ ውስጥ ባለ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንዱን ባለ ጉዳይ ሰምቶ ሌላውን መተው ገለልተኝነት ሊባል አይችልም።

በዚህ ላይ በእንግሊዝ አገር የተፈጸመ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ነገሩ ስለ ፋብሪካ ሳይሆን አካል ጉዳተኞች ስለሚኖሩበት ሌ ኮርት ስለሚባል መኖሪያ ቢሆንም፣ ለያዝነው ጉዳይ መሠረት ስለሆነ እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያ ይኖሩ የነበሩ፣ ፖል ሀንት የሚባለው ሰው የሚገኝባቸው ነዋሪዎች፣ መቼ እንደሚተኙና ምን እንደሚለብሱ ሳይቀር አስተዳዳሪዎች ስለሚወስኑባቸው ከነርሱ ጋር ይታገሉ ነበር። ተመራማሪዎች መጥተው ቢያጠኑ እውነቱ ይታወቅልናል ብለው ራሳቸው ነዋሪዎቹ ከታቪስቶክ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችን ጠሩ። ኤሪክ ሚለርና ጄራልዲን ግዊን የተባሉት ተመራማሪዎች መጥተው አጠኑ፤ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የእነዚህ ተቋማት ነዋሪዎች ኅብረተሰቡ እንደ ሞቱ የቆጠራቸው ሰዎች መሆናቸውን ገልጸው፣ የተቋማቱ ተግባር ከዚህ ማኅበራዊ ሞት እስከ ሥጋዊ ሞት ያለውን ጊዜ ማሻገር እንደሆነ ጻፉ። ነዋሪዎቹ ይህንን ባነበቡ ጊዜ ምን እንደ ተሰማቸው አስቡት። እርዱን ብለው የጠሯቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ እንደ ሙት ጽፈዋቸው ሄዱ። ፖል ሀንት እ.ኤ.አ. በ1979 ካረፈ በኋላ በ1981 የታተመ አንድ ጽሑፍ ትቶ ነበር፤ በዚያም ጽሑፉ ተመራማሪዎቹ ሚዛናዊ ነን እያሉ በእርግጥ የቆሙት ከአስተዳዳሪዎቹ ጋር እንደነበረ ይከራከራል። አንዱ ወገን የበላይ፣ ሌላው የበታች በሆነበት ቦታ መካከል ላይ ቆሜያለሁ የሚል ሰው፣ ነገሩ እንዳለ እንዲቀጥል ለሚፈልገው ወገን እንደሚያግዝ ሳያውቅ ይቀራል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ነገር እንማራለን። የሌ ኮርት ሰዎች አልተጠየቁም ማለት አይቻልም፤ ተጠይቀዋል፣ ተናግረዋልም። የጎደላቸው ጥያቄውን አብሮ የማዘጋጀትና የመልሱን ትርጉም አብሮ የመመርመር መብት ነው። እንግሊዛዊው ማይክ ኦሊቨር ይህንን በሚገባ አስረድቷል። ኦሊቨር በ17 ዓመቱ አንገቱ ተሰብሮ በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የእንግሊዝ መንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኞችን ከቤት ቤት እየዞረ ሲጠይቅ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ፣ የጤናቸው ጉድለት ሥራቸውን ይነካባቸው እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ገልብጦ አሳየ። የሥራ ቦታው አሠራርና የሰዎች አመለካከት በሥራ ላይ ችግር ይፈጥርባቸው እንደሆነ ለምን አልተጠየቁም? አለ። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለአንድ ሰው ነው፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየው ችግሩን በራሱ አካል ውስጥ እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ዓይኑን አንሥቶ ግድግዳውን፣ ደረጃውንና አለቃውን እንዲመለከት ይጋብዘዋል። እኛም ያችን ስፌተኛ ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ፣ «መስማት ባለመቻልዎ ምን ችግር አለብዎ?» ብለን እንጠይቃት ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? በሀገራችን የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና የሥራ ሰዓቱን ለአካል ጉዳተኛው ተስማሚ እንዲያደርግ፣ ረዳትም እንዲመድብለት ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 27 ስለ ሥራ፣ በአንቀጽ 31 ስለ መረጃ አሰባሰብ ይናገራል፤ በአንቀጽ 4 ላይም መንግሥታት እነርሱን የሚመለከት ውሳኔ ሲያደርጉ አካል ጉዳተኞችን እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። አካል ጉዳተኞች በዓለም ዙሪያ «ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይሁን» የሚሉት መፈክር በሕግ ቃል ሲጻፍ ይህንን ይመስላል። ለመሆኑ አሠሪው «ተስማሚ አድርግ» ሲባል፣ ተስማሚውን ማን ይነግረዋል? ስፌተኛዋ የጠየቀችው አንድ አምፑል ነው። ሳይጠይቋት «እንርዳት» ብለው ቢነሡ ኖሮ፣ ምናልባት ከሥራ ባልደረቦቿ ለይተው ጸጥ ወዳለ ክፍል ያዛውሯት ነበር፤ እርሷም ሰው ሲነሣ አይታ የምታውቀውን እንኳ ታጣው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም ወደ በደሉ እንመለስ። የክፍሉ ኃላፊ የሞላው ቅጽ በአጋጣሚ ሁሉም ትክክል ቢሆን ኖሮስ? በደል አልነበረም እንል ይሆን? እኔ እንደማስበው ያን ጊዜም በደል ነበር። ሰው በሕይወቱ ላይ የሚመሰክር እርሱ ራሱ መሆኑ ክብሩ ነው። ሁላችንም የበርጤሜዎስን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ዓይነ ስውር መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ የሚፈልገውም ግልጽ ይመስል ነበር። ሆኖም ምን እንዲደረግለት እንደሚወድ አስቀድሞ ተጠየቀ፤ በአንጻሩ በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ዝም በል ይሉት ነበር። እኛ ከየትኞቹ ወገን ነን? ብዙዎቻችን አካል ጉዳተኛን የምናውቀው ከደጀ ሰላም አጠገብ ሳንቲም ስንሰጠው ነው። መስጠቱ መልካም ነው። ነገር ግን ለዓመታት የሰጠነውን ሰው «ቀድሞ ምን ሥራ ትሠራ ነበር? አሁንስ ምን ሥራ ብታገኝ ትወዳለህ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ሰጪና ተቀባይ ብቻ ሆነን ስንለመድ፣ በሥራ ቦታም ስናገኘው እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ተረጂ ማየት እንቀጥላለን፤ ቅጹንም እንሞላለታለን።

ይህን ስል መጠየቅ ራሱ ጥንቃቄ የማያስፈልገው ነው ማለቴ አይደለም። ወደፊት በትምህርትም በሥራም ጥናት የምታደርጉ ወንድሞችና እኅቶች እንድታስቡባቸው ከስሕተቴ የተማርኋቸውን ላካፍላችሁ።

ጥያቄው ለሚጠየቀው ሰው በሚመች መንገድ መቅረብ አለበት። ለዓይነ ስውር ይነበብለት ወይም በብሬይል ይዘጋጅለት፤ በምልክት ቋንቋ ለሚነጋገር አስተርጓሚ ይቅረብለት። አስተርጓሚውም አለቃው ወይም ዘመዱ ባይሆን ይመረጣል፤ በአለቃው አንደበት ስለ አለቃው ማማረር አይቻልምና።

ስም አለመጻፍ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። በክፍሉ ውስጥ መስማት የተሳናት አንዲት ሴት ብቻ ካለች፣ «አንዲት መስማት የተሳናት ሠራተኛ እንዲህ አለች» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ስለዚህ ምን እንዲጻፍና ምን እንዲቀር ራሷ አንብባ ትወስን። እኔም ይህንን ጽሑፍ ከማቅረቤ በፊት ለእርሷ አሳይቼ ሁለት ነገር አውጡልኝ ስላለችኝ አውጥቻለሁ፤ ሌላውን በፈቃዷ ጽፌዋለሁ።

አንዱ ለሁሉ አይናገርም። በክራንች የሚሄድ ሰው ስለ ዓይነ ስውር ኑሮ አያውቅም፤ መስማት የተሳናቸው ሁለት ሰዎችም ሐሳባቸው አንድ ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ጠይቆ «አካል ጉዳተኞች እንዲህ ይላሉ» ማለት፣ ማንንም ሳይጠይቁ ከመጻፍ ብዙም አይሻልም። መመለስ የማይፈልግም መብቱ ነው፤ ሰው ስለ ጉዳቱ ለመጣው ሁሉ ሲተርክ የመኖር ዕዳ የለበትም።

በመጨረሻም የተገኘው ውጤት ወደ ተናገሩት ሰዎች መመለስ አለበት። ቃላቸውን ወስዶ፣ ማዕረግ አግኝቶበት፣ ተመልሶ አለመምጣት የሰውን እህል ወቅቶ ጎተራው ሳያስገባለት እንደ መሄድ ይቆጠራል።

የእኛ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ዘገባችን ተጠርዞ ገብቶ ነበር። አራታችን ተማክረን ወደ መምህራችን ሄድንና የ60ኛው ቅጽ መልስ የሠራተኛዋ እንዳልሆነ ነገርናቸው። ማርካችን ይቀነሳል ብለን ፈርተን ነበር፤ በእርግጥም ተቀነሰ። 59 ተብሎ እንዲታረምና አንድ ገጽ ማረሚያ እንዲጨመርበት አዘዙን። እርሷ በወረቀት የጻፈችልኝን በፈቃዷ በማረሚያው ላይ አገባን፤ አንዱን ቅጂም ለድርጅቱ ሰጠን። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገብቼ ጠየቅሁ። የፈረቃ ማስታወቂያ አሁን በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በእንፋሎት መተኮሻዎቹ አጠገብ የሚሠሩትም ከዚያው ያነባሉ። አምፑሉ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልተተከለም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ «ተጠይቋል፤ በጀት እየተጠበቀ ነው» አለኝ። እርሷም ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ በጣቷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። በዚህ ጊዜ ፈገግ አላለችም።

ውድ አንባብያን፤ ጥናት የሚያደርግ ሁላችንም አይደለንም። መልስ መሙላትን ግን ሁላችንም እናውቅበታለን። በቤታችን፣ በመሥሪያ ቤታችን፣ እዚሁ በማኅበራችንም ውስጥ «እርሱ ይህን አይችልም»፣ «እርሷ ይህን አትፈልግም» እያልን ስንት ቅጽ ሞልተን ይሆን? እስቲ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንዱን እናስታውስና ወደ ባለቤቱ ሄደን እንጠይቀው። የሚሰጠን መልስ ከጻፍነው ጋር አንድ ከሆነ ምንም አንጎዳም። የተለየ ከሆነ ግን ሠርዘን እንደገና ለመጻፍ ድፍረቱን ይስጠን።